ኤችዲ 2 እየተቆራረጠ ያስቸገረኝ የጠረጴዛ ሬዲዮ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ሬዲዮ የገዛሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ዋና ዋናዎቹን ጣቢያዎች ማንኛውም ርካሽ ሬዲዮ ይስባቸዋል። እኔ የፈለግኩት ኤችዲ ሬዲዮ በሚባለው የዲጂታል ስርጭት ከዋናው ጣቢያ ጋር ተደርበው የሚሰራጩትን ንዑስ ጣቢያዎች ነው፤ ኤችዲ 2 እና ኤችዲ 3 የሚባሉትን። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ነው፣ ማሰራጫዎቹም ሩቅ አይደሉም። ያም ሆኖ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላሁ አንድ ዘፈን ከኤችዲ 2 እስከ መጨረሻው መስማት አቅቶኛል። ድምፁ ሳይደክም፣ ሳይንሿሿ በድንገት ቁርጥ ይላል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይሄዳል።

ሻጩ ያለኝ ትዝ ይለኛል። «ዲጂታል ስለሆነ እንደ ድሮው አይንሿሿም፣ ከተማ ውስጥ እስካለህ ድረስ ምንም ችግር የለም» ነው ያለኝ። አይንሿሿም፣ እሱስ እውነቱን ነው። ግን ወንድሜ፣ የሚንሿሿ ሬዲዮ እኮ ቢያንስ ሰውየው ምን እንዳለ ያሰማሃል! ይሄኛው ወይ ጥርት አድርጎ ይሰጥሃል ወይ ጭራሽ ይከለክልሃል። መሀል የሚባል ነገር የለውም። ይህንን ነበር ሂሳብ ከመክፈሌ በፊት ሊነግረኝ የሚገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችዲ 1 የሚባለው ዋናው ፕሮግራም በተራው ኤፍኤምም ይተላለፋል። ዲጂታሉ ሲደክም ሬዲዮው ራሱ ወደ ተራው ኤፍኤም ይመለሳል፣ አንተም ልብ ላትለው ትችላለህ። ኤችዲ 2 እና ኤችዲ 3 ግን መመለሻ የላቸውም። ዲጂታሉ ከሄደ ሄደ። ዲጂታሉ ደግሞ ከመጀመሪያውም አቅሙ ትንሽ ነው። የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ይህን ቴክኖሎጂ በ2002 ሲፈቅድ የዲጂታሉ ኃይል የተራው ኤፍኤም 1 በመቶ እንዲሆን ነበር የተወሰነው። በ50 ሺህ ዋት የሚያሰራጭ ጣቢያ ዲጂታሉን የሚልከው በ500 ዋት ነው ማለት ነው። በ2010 እስከ 10 በመቶ ማሳደግ ተፈቀደ፣ ግን ጎረቤት ጣቢያን ላለመረበሽ ሲባል ሁሉም እዚያ ድረስ መሄድ አይችልም። እዚህ አካባቢ ደግሞ የዋሽንግተንና የባልቲሞር ጣቢያዎች በኤፍኤም ሞገዶች ላይ ጎን ለጎን ተጨናንቀው ነው ያሉት። ዲጂታሉ የሚቀመጠው ከዋናው ሞገድ ግራና ቀኝ ዳርና ዳሩ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳውም እሱ ነው።

በዚህ ላይ የኔ አፓርታማ አለ። ግድግዳው ብረት ያለበት ኮንክሪት ነው፣ የኩሽናዬ መስኮት ወደ ደቡብ ያያል፣ ማሰራጫዎቹ ደግሞ በሰሜን ናቸው። የኤልኢዲ አምፖል ሲበራ ጭራሽ ይብስበታል። ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ «እኔ ጋ እኮ ችግር የለም» እያለ ያናድደኛል። ልክ ነው፣ የእሱ አንቴና መኪናው ጣራ ላይ ነው። 395 አውራ ጎዳና ላይ ኤችዲ 2 ሳይቆራረጥ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ ስንገባ ግን የእሱም ጸጥ አለ።

ከሬዲዮው ጋር የመጣው ሽቦ አንቴና ለዚህ አይበቃም። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ቲ ቅርጽ ያለው አንቴና ገዛሁ። ዋጋው የምሳ ሂሳብ አይሞላም። መኝታ ቤት፣ በሰሜኑ መስኮት ላይ፣ ክንዶቹን ወደ ግራና ቀኝ ዘርግቼ ሰቀልኩት፣ ጎኑ ሳይሆን ፊቱ ወደ ማሰራጫዎቹ እንዲሆን አድርጌ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ደብሊው ኢ ቲ ኤ 90.9 የሚባለው ጣቢያ ኤችዲ 2 ላይ ያለው «ቪቫ ላ ቮቼ» ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይዘፍናል። ኦፔራና መዝሙር ለሚወድ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው፣ ለዚህ ጣቢያ ስል ብቻ ሬዲዮውን ልሸጠው አልችልም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከአንቴና ጋር አይገናኝም። ንዑስ ጣቢያ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። የምወደው አንድ ኤችዲ 3 ነበር፣ ጧት ስከፍተው በቦታው ሌላ ነገር ይጫወታል። ማስታወቂያ የለ፣ ይቅርታ የለ። ዋናው ጣቢያ ቢቀየር ከተማው ይንጫጫል፣ ንዑሱ ሲቀየር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የደብሊው ኤ ኤም ዩ 88.5 ኤችዲ 2 የሆነው ብሉግራስ ካንትሪ እንኳ በ2016 ሊዘጋ ነበር። አድማጮቹ ተደራጅተው ፋውንዴሽን አቋቋሙና በ2017 ተረከቡት። ብሉግራስ የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ነው፣ እኔ ያደግኩበት አይደለም፣ ነገር ግን እነዚያን አድማጮች አከብራቸዋለሁ። ሁሉም ንዑስ ጣቢያ እንዲህ ዓይነት ወዳጅ የለውም።

«በስልክህ አትሰማም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አልፈልግም። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ሬዲዮ ስሰማ እንዲጮህብኝ አልሻም። ደግሞ ሬዲዮ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ዳታ አይበላም፣ ምን እንደሰማሁ ለማንም አይናገርም።

ድምፁ ጥሩ ነው፣ ማዞሪያው ጥሩ ነው፣ ሰዓቱም ይሠራል። እሱ ላይ ምንም የምለው የለኝም።

እንግዲህ ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ መስኮታችሁ ወደ ማሰራጫው ካየና አንቴና ለመስቀል ካልሰነፋችሁ ግዙ። አፓርታማችሁ እንደኔ ከሆነና የምትፈልጉት ለኩሽና ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ተራ ኤፍኤም ይበቃችኋል። ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ለሱቁ የምትመልሱበት ጊዜ ሳያልፍ ኤችዲ 2 እና ኤችዲ 3ን በምታስቀምጡበት ቦታ ላይ፣ ማታ መብራት ሁሉ በርቶ ሞክሩት። ሱቅ ውስጥ ሲጫወት የሰማችሁት ምንም አይነግራችሁም።