ምስጋና ለጉድኝታችን ሱፐርቫይዘር፣ ጥቆማም ለመምህራንና ለርእሳነ መምህራን

በሰሜን ሸዋ ገጠር በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸውን የጉድኝት ማዕከላችንን ሱፐርቫይዘር በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም በሌሎች ወረዳዎች የምትገኙ ባልደረቦቼ ከሱፐርቫይዘሮቻችሁ ምን ዓይነት ድጋፍ መጠየቅ እንደምትችሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

ከሙያው ውጭ ለሆነ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ጉድኝት ማለት አንድ ማዕከል ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካሉ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣምሮ ልምድ የሚለዋወጥበት አደረጃጀት ሲሆን፣ ሱፐርቫይዘሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ መምህራንን የመደገፍ ኃላፊነት አለበት። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሱፐርቪዥን ግን ቼክሊስት ተይዞ የሚመጣበት፣ የትምህርት ዕቅዱ መፈረሙና የተከታታይ ምዘና ውጤቱ በማርክ ሊስት ላይ መስፈሩ የሚታይበት፣ በመጨረሻም መዝገብ ላይ አስተያየት ተጽፎ የሚጠናቀቅ ጉብኝት ነው። ዕቅድ መታየቱን አልነቅፍም። ዕቅዱ የተሟላለት መምህር ልጆቹ ፊት ሲቆም የሚገጥመው ችግር ግን ከመዝገቡ አይነበብም።

ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም፣ በእኔ ክፍል 72 ልጆች አሉ። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አንዲት ደቂቃ ሳትባክን ቢከፋፈል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 33 ሰከንድ ገደማ ነው። ልጆቹ በአንድ ዴስክ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ይጋራሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ሲደርስ፣ በገበያ ቀንም ከብት የሚጠብቅ ሲጠፋ፣ ከክፍሉ ብዙዎቹ ይቀራሉ። በማግስቱ ትምህርቱ ወደ ፊት ሲቀጥል፣ የቀሩት ልጆች ያመለጣቸውን ሳይዙ አብረው ይጎተታሉ።

ከሁሉ የከበደው የንባብ ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ መታየቱን በሙያው ውስጥ ያለን እናስታውሳለን። የ33ቱ ፊደላት እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባት ቅርጾች 231 ይሆናሉ። ልጆቹ ይህንን ገበታ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ያወርዱታል፤ የሚሰማቸው ሰው ሁሉ ፊደል የቆጠሩ ይመስለዋል፤ ከመሐል አንዱ ፊደል ለብቻው ሲጠቆም ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

እትዬ ክፍሌን ተቀምጠው ከታዘቡ በኋላ አስተያየታቸውን መዝገብ ላይ አላሰፈሩም። «ነገ እኔ ላስተምር፣ አንተ ኋላ ተቀመጥና ልጆቹን ተመልከት» አሉኝ። በማግስቱ ለካዕብና ለሣልስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጡ። «በ»፣ «ለ»፣ «ሰ» በካዕብ ጊዜ ሁሉም በቀኝ ወገናቸው መሐል ላይ ጭረት እንደሚያወጡ፣ በሣልስ ጊዜ ደግሞ ያው ጭረት ወደ እግራቸው እንደሚወርድ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት አደረጉ። ከዚያም ፊደል የተጻፈባቸውን የለስላሳ ቆርኪዎች ለየዴስኩ አድለው «ቡ»ን፣ «ሊ»ን፣ «ሱ»ን እያሉ አስፈለጉ፤ ልጆቹም ያገኟቸውን ቆርኪዎች እየገጣጠሙ ቃል መመሥረት ጀመሩ። እንደ «ር» እና «ል» ያሉት፣ ቅርጻቸው አንድ ወጥ ሕግ የማይከተል ሳድሳን ለብቻቸው ቀን ተይዞላቸው በዝግታ እንዲሰጡ መከሩኝ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አላስወጣም። ቆርኪውን ልጆቹ ከየሻይ ቤቱ ለቅመው አመጡት።

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር በየትኛውም ሥልጠና አልተነገረኝም። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው እጅ የሚያወጡትን ያያል፤ ከኋላ የተቀመጠ ግን ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጠውን፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን፣ ሰሌዳውን ለማየት አንገቱን የሚያሰግገውን ያያል። እትዬ በዚያው ዕለት የሚያስጨንቀኝን ቁጥር የሚያቀል አሠራር ሰጡኝ። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያነቡ እኔ በቀን ስድስት ልጆችን ብቻ አጠገቤ አስቀምጬ አስነብባለሁ፤ የእያንዳንዱን ደረጃ በአንድ መስመር እመዘግባለሁ፤ በዚህ አኳኋን 12 የትምህርት ቀናት ሲሞሉ ሁሉም ተራው ደርሶት ንባቡ ከመጀመሪያዎቹ ልጆች እንደገና ይጀመራል። የገበያ ማግስትም አዲስ ትምህርት የማይሰጥበት፣ የቀሩት የሚደርሱበት የክለሳ ቀን ሆነ።

በዚሁ ምልከታ ጊዜ እንደ ሰነፍ ይቆጠር የነበረ አንድ ልጅ ላይ ዓይናቸው አረፈ። ከኋላው ቆመው በዝግታ በስሙ ጠሩት፤ አልዞረም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲደግሙት ዞረ። ወላጆቹን አስጠርተው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አገናኟቸው፤ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ ሲመረመር ጆሮው ለረጅም ጊዜ መግል ይዞ እንደነበር ታወቀና ሕክምና ጀመረ። ለእኔም የአካቶ ትምህርት የምንለው፣ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት አሠራር ከየት እንደሚጀምር አሳዩኝ። ልጁ ፊት ወንበር ላይ፣ የተሻለ የሚሰማበት ጆሮው ወደ እኔ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጀርባዬን ሰጥቼ አልናገርም፤ ትእዛዝ ስሰጥ ፊቴን እንዲያይ እጠብቃለሁ። ዛሬ ያ ልጅ ከስድስቱ ጋር ተራው ሲደርስ ቃላትን ሳያቋርጥ ያነብልኛል።

ስለ ሥነ ሥርዓትም የምለው አለኝ። የአካል ቅጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ተከልክሏል፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ ዱላውን እንዲያስቀምጥ ሲነገረው በምትኩ ምን እንደሚይዝ የሚያሳየው ሰው እምብዛም አይገኝም። እትዬ ያሳዩኝ የጭብጨባ ምልክት፣ ለሚረብሹት ልጆች ቆርኪ የማደልና ደብተር የመሰብሰብ ኃላፊነት መስጠት፣ አርፍዶ የመጣውን ልጅ ከበር ከመመለስ ይልቅ ምክንያቱን በእረፍት ሰዓት መጠየቅ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ 72 ልጆች ባሉበት ክፍል ግን ድምፄ ከሰዓት በኋላም ሳይዘጋ የሚቆየው በእነዚህ ምክንያት ነው።

የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥራችንንም ከወረቀት አወጡት። እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲያሟላ ይጠበቃል፤ ብዙ ቦታ ይህ ሰዓት የሚሟላው በሰኔ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ማኅደር) በመሙላት ነው። በእኛ ጉድኝት ግን በእሳቸው ግፊት የዓመቱ ርዕስ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ንባብ። የሳተላይቶቹ መምህራን እየተገባበዙ አንዱ የሌላውን ክፍል ይታዘባል፤ የታዘበውንም ለዚያው መምህር እንጂ ለአለቃው አይናገርም። በእኔ እምነት ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ከሁሉም ትበልጣለች፤ መምህር ችግሩን በግልጽ የሚያወጣው ለውጤት ምዘናው እንደማይውልበት ሲያውቅ ብቻ ነውና።

የደመወዙን፣ የመኖሪያ ቤቱን፣ የክፍል ጥበቱን ጉዳይ አንድ ሱፐርቫይዘር ሊፈታው አይችልም፤ እሳቸውም እፈታለሁ ብለው አያውቁም። እነዚህ ለሚመለከታቸው አካላት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ጥቆማዬ ይህ ነው። ሱፐርቫይዘራችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ የትምህርት ዕቅዱን ካሳያችኋቸው በኋላ፣ የሚያስቸግራችሁን አንድ ርዕስ ለይታችሁ ሠርቶ ማሳያ ትምህርት እንዲሰጡበት ጠይቁ። ጥያቄው «እንዴት ላሻሽል?» የሚል ጥቅል ጥያቄ አይሁን፤ «ሳድስን ለይተው የማያነቡ 20 ልጆች አሉኝ፣ ኑና አብረን እንየው» የሚል ይሁን። አዲስ ተመድባችሁ በሁለት ዓመቱ የሙያ ትውውቅ (ጀማሪ መምህር በአማካሪ መምህር እየታገዘ ሥራውን በሚለምድበት ጊዜ) ላይ ያላችሁም፣ አማካሪ መምህራችሁ ቅጽ ከመፈረም አልፎ ክፍላችሁ ገብቶ እንዲቀመጥ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ርእሳነ መምህራን ደግሞ ሠርቶ ማሳያው በሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ ስብሰባ አትጥሩ፤ ከተቻለም ጎን ለጎን የሚያስተምሩ መምህራን አብረው እንዲታዘቡ ፕሮግራሙን አመቻቹ።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም አንድ ልመና አለኝ። እኚህ ሴት ከሳተላይቶቹ ሁሉ ወደሚርቀው ትምህርት ቤት ዛሬም በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ በክረምት መግቢያ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ መሻገር አይችሉም። ለጉድኝቱ አንድ ሞተር ብስክሌት ከነነዳጁ ቢመደብ፣ ድጋፋቸው እዚያ ላሉት መምህራንና ልጆችም በወቅቱ ይደርሳል።