15 ፈረስ ገዛሁ፣ ሐረማያ የደረሱት 12 ናቸው

ጀልባ ልገዛ ነው ስል ጓደኞቼ ፈረስ መጋላ ቡና ላይ ሳቁብኝ። «አቦ፣ ሐረር ላይ ጀልባ? ግመል አትገዛም?» አልፈርድባቸውም። ግን በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ስትል የሐረማያ ሐይቅ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይተናል። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለከተማችን መጠጥ ተሳበ፣ ደለልም ሞላው። አሁን ውሃው ተመልሷል። እኔም 5 ሜትር ርዝመት ያላት የፋይበር ግላስ ጀልባ ይዤ ቅዳሜና እሁድ ስድስት ስድስት ሰው አንሸራሽራለሁ።

ጀልባዋ ምንም አልበደለችኝም። ያደከመኝ ሞተሩ ነው። ዘጠኝ ወር ሠርቼበታለሁ፣ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ስገዛ ያሰብኩት ስለ ጉልበት ብቻ ነበር። ከጀልባ ሆድ ውስጥ የሚገጠመውን ሞተር ወዲያው ተውኩት። የጀልባውን ወለል በስቶ ዘንግ ማሳለፍና መሪ ለብቻው መሥራት ይጠይቃል፣ ለእንደኔ ዓይነቷ ትንሽ ጀልባ አይሆንም። ውሃ ስቦ ወደ ኋላ እየረጨ የሚገፋውንም ተውኩት። ውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ስለሌለው ሰው አይቆርጥም፣ ግን ጉልበት ያባክናል፣ የውሃ ሣርም ይውጣል። ስለዚህ ከኋላ የሚንጠለጠለው ቀረ። ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ? በ15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮኩ 36 ኪሎ ገደማ ነው፣ ፎር ስትሮኩ 50 ያልፋል። ግን ቱ ስትሮክ ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅለህ ነው የምትሰጠው፣ ያልተቃጠለው ደግሞ ውሃው ላይ ይቀራል። ከዚያ ሐይቅ ከብት ይጠጣል። ፎር ስትሮክ ገዛሁ። በዚህ እስካሁን አልጸጸትም። ድምፁ ልስልስ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ዝግ ብዬ ስነዳው በሰዓት 2 ሊትር፣ ሙሉ ጋዝ ከሰጠሁት 5 ሊትር አካባቢ ይጠጣል።

የተጸጸትኩት በሌላው ሁሉ ነው።

ሞተሩን የገዛሁት ድሬዳዋ ነው። ሻጩ በበርሜል ውሃ ውስጥ አስነሳልኝ። ወላሂ፣ እንደ አንበሳ አገሳ! ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ አየር ሲሳሳ ይደክማል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ከባሕር ወለል ተነስተህ ስታሰላው ሐረማያ ላይ 20 በመቶ ሄዷል ማለት ነው። ከ15ቱ ፈረሶች ሁለቱ ያህል ገና ድሬ ሳይደርሱ፣ ሦስተኛው የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ቀሩ። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ ቀን ስድስት ሰው ጭኜ ጋዝ ስሰጠው ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ማቃሰት ብቻ። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። የሐይቁን ዳር ሰዎች መካኒክ ብጠይቃቸው ወደ አንድ ሽማግሌ ላኩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመስኖ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። (ሐይቁን የጠጣውን ፓምፕ የጠገነ እጅ አሁን የእኔን ጀልባ ያክማል። ስነግራቸው ሳቁ።)

ካርቡራተሩን ከፍተው የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠባብ ቀየሩት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት፣ አለበለዚያ ካንዴላው ይጠቁራል። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን አገላብጠው አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ በአራተኛ ማርሽ ዳገት መውጣት ነው» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ስፋቱ ነው። ሁለተኛው አንድ ዙር ሲዞር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት ነው። ይሄኛው ሲበዛ እንደ ከፍተኛ ማርሽ ነው፣ ሞተሩን ይከብደዋል። የእኔ ሁለተኛ ቁጥር 10 ኢንች ነበር። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ ሲገባው፣ በካንዴላው ገመድ ላይ በምትጠመጠም ቆጣሪ ስንለካው 4,600 ላይ ቆመ። ባለ 8 ኢንች ፕሮፔለር ከድሬ አስመጣሁ። ወደ 5,000 ተጠጋ። ጀልባዋ ሌላ ጀልባ ሆነች። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ስታስተያየው የፕሮፔለር ዋጋ ምንም ማለት ነው። መጀመሪያ ስለ ፕሮፔለር ጠይቁ፣ ስለ ፈረስ በኋላ።

የሞተሩ እግርም አለ፣ ወደ ውሃ የሚወርደው ክፍል። ሻጩ «ረጅሙን ውሰድ፣ ዋጋው አንድ ነው» አለኝ፣ እኔም ረጅም ነገር ይሻላል ብዬ ወሰድኩ። የጀልባዬ ጀርባ ከፍታው 38 ሴንቲ ሜትር ነው። የሞተሩ እግር ለ51 የተሠራ። ትርፉ 13 ሴንቲ ሜትር ቀጥታ ጭቃ ውስጥ ገባ። የሐረማያ ዳር ጥልቀት የለውም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደለል ሳርስ ከረምኩ። ከዋንዛ እንጨት ጀርባዋን አስቀጥዬ ሞተሩን ከፍ አደረግኩት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ሲሆን ወይም ትንሽ ዝቅ ሲል ልክ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የጀልባችሁን ጀርባ በሜትር ለኩ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለሸዋል ኢድ የደረሰብኝን ግን አልረሳውም። እንግዳ በእንግዳ ነበር፣ ቤተሰብ ጭኜ መሀል ሐይቅ ደረስኩ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። በጎኑ ቀጭን ውሃ እየፈሰሰ ካልታየ አልቀዘቀዘም ማለት ነው። እኔ ፎቶ እያነሳሁላቸው ነበር። ዞር ስል ውሃው የለም፣ ሽታ ሽታ ይለኛል። ወዲያው አጠፋሁት። ሣሩ መሳቢያውን ደፍኖታል። ሰባት ሰው በሁለት መቅዘፊያ ዳር እስኪደርስ ልጆቹ ዘፈኑ፣ አባታቸው ግን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ደግነቱ ሁሉም የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ለብሰዋል። ፓምፑ ውስጥ ያለችው የጎማ መዘውር ተቃጥላ ነበር፣ እሷን አስቀየርኩ። አሁን በየሩብ ሰዓቱ ፎሌ ላይ አድርጌ ያቺን ውሃ አያለሁ።

በኤሌክትሪክስ? አንድ ወዳጄ ባለ 12 ቮልቷን ትንሽ ሞተር አምጥቶ ሞከርናት። አትተነፍስምና ከፍታ አይነካትም። ወፎቹ እንኳን አይነሱም፣ ሃሪፍ ናት። ግን በሙሉ ኃይሏ 50 አምፔር ያህል ትስባለች። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የምትጠቀምበት። አንድ ሰዓት፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ስድስት ሰው ይዛ አትመለስም። ለሁለት ሰውና ለጠዋት ውሃ ከሆነ ግን ዓይኔን አላሽም። በጀሪካን ቤንዚን አንቀዳም ሲሉኝ የዋልኩባቸውን ቀናት ሳስብ ደግሞ ጭራሽ ታምረኛለች።

ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ብለውኝ ነበር። «የፓምፕ ሞተር ላይ ረጅም ዘንግ ቀጥዬ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር ልግጠምልህ።» ያን ጊዜ ሳቅኩ። ኋላ ላይ ሳነብ ታይላንድ ውስጥ ዓሣ አስጋሪዎች ዘመናቸውን ሙሉ በዚህ ይሄዳሉ። የፓምፑ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሣር የሚደፍነው መሳቢያ የለውም። ውሃው ሲቀንስ ዘንጉን ከፍ ታደርገዋለህ። መለዋወጫው ሐረማያ ሱቅ ሁሉ አለ። ይጮሃል፣ የተገለጠው ፕሮፔለርም ያስፈራል፣ ስለዚህ ለእንግዳ አላወጣውም። ለሌላዋ የዓሣ ማጥመጃ ትንሽ ጀልባዬ ግን ባለፈው ቅዳሜ ጀርባዋን ለኩልኝ። ቀብድ ከፍያለሁ።