ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ በሐዋሳ ክረምት፦ ለቅየሳ ሥራ ምን ያህል ይታመናል?

በሐዋሳና በዙሪያዋ በመሬት ቅየሳ፣ በግንባታ ክትትልና በጣሪያ ፍተሻ የተሰማሩ ባለሙያዎች የቻይናው አምራች ዲጄአይ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ የተባለ ድሮን ለመግዛት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ካሜራው ነው። ካሜራው ብዙም አያከራክርም፤ ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ይህ ድሮን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሥራ ላይ ሊውል ይችላል ወይ የሚለው ነው። በእኔ ግምገማ ይችላል፤ ነገር ግን የሥራ ሰዓቱን ሰማዩ እንዲወስንለት ለፈቀደ አብራሪ ብቻ ነው።

አምራቹ ለዚህ ድሮን ምንም ዓይነት የውኃ መከላከያ ደረጃ አልሰጠውም። መመሪያውም በዝናብ፣ በጭጋግ እንዲሁም ነፋሱ በሰከንድ ከ12 ሜትር በላይ በሚሆንበት ጊዜ ማብረርን ይከለክላል። «ካፊያ ምን ያመጣል?» እያሉ የሚያስነሡ አሉ፤ ድሮኑ ብዙውን ጊዜ በሰላም ስለሚያርፍም ልማዱ ይጸናባቸዋል። ይሁን እንጂ በአካሉ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹን ለማቀዝቀዝ ከውጭ አየር ስለሚስብ፣ አብሮ የገባው ርጥበት የሚያስከትለው ዝገት ጉዳቱን የሚያሳየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፣ ምናልባትም ድሮኑ ሠራተኛ በሞላበት ግንባታ ላይ እየበረረ ሳለ ሊሆን ይችላል። በካፊያ የማብረር ጥያቄ፣ እንግዲህ፣ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ከሥር የቆመውን ሰው ይመለከታል።

የሐዋሳ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት የሚጥል በመሆኑ፣ የማለዳው ጭጋግ ከተገፈፈ በኋላ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ያለው ጊዜ ለበረራ በጣም ተስማሚ ነው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ስለሚግል ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል። ነጎድጓድ ያረገዘ ደመና ሲቃረብ ደግሞ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው ድንገተኛ ነፋስ፣ መሬት ላይ የቆመው አብራሪ ፊቱ ላይ ከሚሰማው እጅግ የበረታ ይሆናል። በሰከንድ 12 ሜትር ማለት በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ግን ድሮኑ ሊቋቋመው የሚችለው የመጨረሻው ወሰን እንጂ ለሥራ የሚመከር ልክ አይደለም። ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሄዶ ከነፋሱ ጋር የመመለስ ልማድ ያለው አብራሪ ባትሪው ሲያንስ ነፋሱ ያግዘዋል፤ በተቃራኒው ያደረገ ሰው ግን የመመለሻ ጉልበት ሊያጣ ይችላል።

አባ ኮዳዎቹም አይዘነጉ። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዙሪያ የሚሰበሰቡት እነዚህ ግዙፍ ወፎች ለመንሳፈፍ ከምድር የሚነሣ ሙቅ አየር ስለሚጠብቁ ማለዳ ላይ በብዛት መሬትና ዛፍ ላይ ይቆያሉ፤ ረፋዱ ላይ ግን እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ ድሮኑ ከሚበርበት ከፍታ ይደርሳሉ። ድሮኑ በየአቅጣጫው መሰናክል የሚለዩ ሴንሰሮች ቢኖሩትም፣ ሴንሰር አለ ተብሎ ወፍ በሚዞርበት ሰማይ መብረር ተገቢ አይሆንም። ወደ ታች የሚያዩት ሴንሰሮችም በሚያንጸባርቅና በሚንቀሳቀስ ውኃ ላይ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ፣ ከሐይቁ ወለል በላይ ዝቅ ብሎ መብረር መቅረት አለበት።

ካሜራው በክረምት ብርሃን ጠንካራ ጎኑን ያሳያል። ደመና የሸፈነው ሰማይ ጥቁር ጥላ ስለማይጥል የጣሪያ ስንጥቅና የአጥር ጥግ በፎቶው ላይ በግልጽ ይለያሉ፤ የብርሃኑን ማነስም 20 ሜጋ ፒክስል ያለው ሰፊ የካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) በሚገባ ይሸከመዋል። መካኒካል ሹተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውና የሚዘጋው መከለያ) መላውን ምስል በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ፣ ድሮኑ ሳይቆም እየበረረ ያነሣቸው ፎቶዎች ለካርታ ሥራ ሲገጣጠሙ መዛባታቸው ይቀንሳል። የማይፈታው ችግር የዕፅዋቱ ነው፤ በቆሎውና እንሰቱ ባደጉበት ወር የሚለካው ከፍታ የቅጠሉ እንጂ የመሬቱ ስለማይሆን፣ የመሬት ከፍታ ካርታ የሚፈልግ ደንበኛ እስከ በጋ እንዲጠብቅ መንገር ሐቀኝነት ነው።

አምራቹ ድሮኑ ከዜሮ በታች 10 እስከ ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት እንደሚሠራ ይገልጻል። የሐዋሳ ማለዳ ከዚህ ዝቅተኛ ወሰን እጅግ የራቀ በመሆኑ በከተማዋ ውስጥ ቅዝቃዜ አያሳስብም። ነገሩ የሚለወጠው ሥራው ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ለምሳሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ሐገረ ሰላም፣ ሲወስድ ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሂደት በብርድ ስለሚዘገይ፣ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ ሙሉ መስሎ ታይቶ ድሮኑ በፍጥነት ወደ ላይ ሲወጣ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባትሪዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወይም ከካፖርት ሥር ይቆዩ፣ ከተነሣም በኋላ ድሮኑ በዝቅተኛ ከፍታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ባለበት ተንሳፍፎ ባትሪው ይሙቅ። ከ5 ዲግሪ በታች ባትሪ መሙላት አይፈቀድም። አየሩም ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳ (በሐዋሳ ከፍታ እንኳ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ገደማ) ፕሮፔለሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር ይኖርባቸዋል። በዚህ ምክንያት ነፋስ በሌለበት የተለካውን የአምራቹን 45 ደቂቃ ለዕቅድ መጠቀም አይገባም፤ በደጋ 25 ደቂቃ ቆጥሮ፣ ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ ማሳረፍ ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ወር ተጨማሪ ባትሪ ሳይዙ ከከተማ መውጣትም አያዋጣም። ከደጋው ሲመለሱ ቀዝቃዛውን ካሜራ በሐዋሳ ሙቅና እርጥብ አየር ላይ ወዲያውኑ ከፍቶ ማውጣት ሌንሱን በጤዛ ስለሚሸፍነው፣ ድሮኑ በተዘጋ ሻንጣው ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ ከአካባቢው ጋር እስኪስተካከል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ የፈቃዱን ጉዳይ ይጨርስ፤ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ሥራቸው ዝናብ እስኪያባራ የማይጠብቅ፣ ለምሳሌ የጎርፍ አደጋን ወይም የተበጠሰ የኃይል መስመርን የሚከታተሉ ተቋማት፣ ዲጄአይ በዚያው በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ማትሪስ 30 የተባለ ድሮን ቢመለከቱ ይሻላል። አይፒ55 የተባለው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ ስላለው ዝናብን ይቋቋማል፣ ባትሪዎቹ ራሳቸውን ያሞቃሉ፣ በሰከንድ 15 ሜትር የሚደርስ ነፋስም ይችላል። ይሁንና ክብደቱ ከ3.7 ኪሎ ግራም በላይ በመሆኑ በአንድ እጅ ተይዞ በየማሳው የሚዞር ዕቃ አይደለም፣ ዋጋውም ከማቪኩ በብዙ ይበልጣል። ጠዋት አብርሮ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ካርታ ለሚሠራ ቀያሽ ማቪኩ ይበቃዋል፤ በዋጋ ልዩነቱም ተጨማሪ ባትሪዎችና ጭቃ ላይ የሚዘረጋ ማሳረፊያ ምንጣፍ ቢገዛበት በክረምት የበለጠ ይጠቀማል።