ኔክስትክላውድ በመካከለኛ ድርጅት ውስጥ፦ ሰነዱ የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ እንዲቀር

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ በርካታ መካከለኛ ድርጅቶች የሥራ ሰነድ የሚመላለሰው በቴሌግራም ነው። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ስካን አድርጋ ወደ ግሩፑ ትልካለች፤ ሥራ አስኪያጁ ከመስክ ሆነው ስልካቸው ላይ አይተው አስተያየታቸውን በድምፅ ይመልሳሉ፤ የፋይናንስ ባለሙያው የተስተካከለውን የዋጋ ሠንጠረዥ ከሥር ያስከትላል። ለመልእክት ልውውጥ ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ቴሌግራም በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ ትልልቅ ፋይል ይቀበላል፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። ችግሩ የሚጀምረው የተላከው ነገር ሰነድ ሲሆን ነው። ግሩፑን የከፈተው ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ግሩፑ በማን እጅ እንደሚቀር፣ ባለፈው ዓመት የጸደቀው ውል ከተላኩት ቅጂዎች የትኛው እንደሆነ፣ የሠራተኞች የግል ማኅደር በስንት ሰው የግል ስልክ ላይ እንደተቀመጠ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ አይገኝም። ኔክስትክላውድን የምገመግመው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቼ ነው፤ መለኪያዬም ሰነዱ የግለሰብ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚለው ነው።

ኔክስትክላውድ የፋይል ማከማቻን፣ የጋራ ካላንደርን፣ የሥራ መከታተያ ሰሌዳን፣ የጽሑፍና የቪዲዮ መነጋገሪያን እንዲሁም ሰነድን በብሮውዘር ላይ በጋራ ማዘጋጃን በአንድ መግቢያ የሚያቀርብ ሶፍትዌር ነው። ፍራንክ ካርሊቼክ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውን ኦውንክላውድ የተባለ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ትቶ ከባልደረቦቹ ጋር በ2016 የመሠረተው ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ መጫንና መጠቀም ይቻላል። ኩባንያው ጀርመን ውስጥ ሆኖ የሚሸጠው ለትልልቅ ተቋማት የሚሰጠውን የድጋፍ አገልግሎት ነው። የጀርመን ፌዴራል መንግሥት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ለመንግሥት ሠራተኞች ፋይል ማጋሪያነት የመረጠውም ዳታው በራሱ ማሽን ላይ እንዲቀመጥ ስለሚያስችል ነበር። በማይክሮሶፍት ኮምፒውተሮች ላይ ከሚሠሩት ከሰነድ ማከማቻው ሼርፖይንት ኦንላይንና ከመነጋገሪያው ቲምስ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዋና ኮምፒውተር፣ የእርስዎ ነው፣ የሚቀመጠው እርስዎ ባሉበት ነው።

የሶፍትዌሩ ጉልበት ፋይል ላይ ነው። የቡድን ፎልደር የሚባለው አሠራር አንድ ፎልደር በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ክፍል ስም እንዲከፈት ያደርጋል። የግዥ ክፍል ፎልደር የግዥ ክፍል ነው፤ ኃላፊው ቢዛወሩ ወይም ባለሙያው ቢለቅ ፎልደሩ ከነይዘቱ ባለበት ይቆያል፣ አስተዳዳሪው የለቀቀውን ሰው አካውንት ዘግቶ ለተተኪው ይከፍታል፣ በዚያው ያበቃል። በውስጡ ላሉ ንዑስ ፎልደሮች የተለያየ ፈቃድ መስጠት ስለሚቻል፣ የቴክኒክ ባለሙያው የጨረታውን ቴክኒካል ሰነድ እያረመ የፋይናንሱን ሰነድ ጨርሶ ላያይ ይችላል። ሠራተኛው በግል ክፍሉ ያስቀመጠው ፋይል ግን በራሱ ስም ስለሚቆይ፣ ሲለቅ አስተዳዳሪው ባለቤትነቱን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር አለበት፤ ስለዚህ የሥራ ሰነድ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በቡድን ፎልደር እንዲገባ መመሪያ ማውጣት ያስፈልጋል።

የሰነዶችን የቀድሞ ቅጂ የሚይዝበት መንገድ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። አንድ የዋጋ ሠንጠረዥ በሦስት ሰዎች እጅ ሲያልፍ ፋይሉ ያው አንድ ፋይል ነው፤ የጎን ሰሌዳውን ሲከፍቱ የቀድሞ ቅጂዎቹ ከነሰዓታቸው ተደርድረው ይታያሉ። ጠዋት የነበረው ነጠላ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ተቀይሮ ከሆነ የጠዋቱን ቅጂ አውርዶ ማስተያየት፣ ካስፈለገም ወደ እሱ መመለስ ይቻላል። ፕሮግራሙ የቅርቡን ጊዜ ቅጂዎች ቀረብ ቀረብ አድርጎ፣ የቆዩትን ደግሞ እያሳሳ ይይዛል፤ ከአንድ ወር በላይ ከሆናቸው የሚያስቀረው በሳምንት አንድ ያህል ነው። የተሰረዘ ፋይልም በመደበኛው አቀማመጥ 30 ቀን በቅርጫት ውስጥ ይቆያል። በስሕተት የተሰረዘን ቃለ ጉባኤ ፍለጋ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ሲዞር ለኖረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከውጭ ለሚመጣ ሰነድም መቀበያ ብቻ የሆነ ሊንክ ማዘጋጀት ይቻላል። አቅራቢው ወይም የሳይት መሐንዲሱ ሊንኩን ከፍቶ ፋይሉንና ፎቶውን ይጭናል፣ ሌላው ያስገባውን ግን አያይም። ወደ ውጭ ለሚላከው ሊንክ ደግሞ የይለፍ ቃልና የማብቂያ ቀን ይደረግለታል፤ ስልክ ሲጠፋም አስተዳዳሪው በርቀት ከስልኩ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዳታ እንዲጠፋ ማዘዝ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሠራተኛ ማኅደርና የደንበኛ መታወቂያ ኮፒ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ ዳታው የት እንዳለና ማን እንደሚያየው ማወቅ ስላለበት፣ እነዚህ ነገሮች እንደ ትርፍ ጌጥ አይታዩም።

ለእኛ ሀገር ሁኔታ ከሁሉ የበለጠ የሚመዝነው ግን ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ሲሆን የሚገኘው ጥቅም ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሰነዳቸው ሁሉ ውጭ ሀገር ባለ ክላውድ ላይ የነበረ ድርጅቶች የራሳቸውን ውል መክፈት አይችሉም ነበር። ኔክስትክላውድ በውስጥ ኔትወርክ ላይ ሲሆን የቢሮው ሠራተኛ ያለ ኢንተርኔት ፋይሉን ይከፍታል፣ ያርማል፣ ያስቀምጣል። ይህ ግን በራሱ የሚሆን አይደለም። የሰርቨሩ አድራሻ በውስጥ ኔትወርክም እንዲታወቅ የራስ ዲኤንኤስ (የአድራሻን ስም ወደ ማሽኑ ቁጥር የሚመራ አገልግሎት) ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚያረጋግጠውና በነጻ የሚገኘው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬትም በየጊዜው በኢንተርኔት ስለሚታደስ የሚያበቃበትን ቀን መከታተል ይገባል። ወደ ስልክ የሚመጣው ማሳወቂያ በጉግልና በአፕል በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልኩ ዝም ይላል፤ በኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ገጽ ግን መሥራቱን ይቀጥላል።

በአማርኛ ለሚሠራ ቢሮ ያለው ብቃት መካከለኛ ነው። አማርኛ መጻፍ፣ ፋይልን በአማርኛ መሰየም፣ በአማርኛ መፈለግ ሁሉ ይቻላል፤ ነገር ግን ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ አያይም። አንዱ ጸሐፊ «የሠራተኛ ቅጥር» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «የሰራተኛ ቅጥር» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» እንደዚሁ ናቸው። በመጀመሪያ ሲጫንም የሚፈልገው በፋይል ስም ብቻ ነው፤ የሰነዱን ውስጥ ለመፈለግ ኢላስቲክሰርች የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተጨምሮ መጫን አለበት። ስለዚህ የፋይል ስም በደብዳቤ ቁጥርና በቀን እንዲጀምር መወሰን ከብዙ ድካም ያድናል። ቁጥር ሞክሼ የለውም።

ሰነድን በብሮውዘር የሚከፍተው ኮላቦራ የሚባለው ክፍል ሰነዱን የሚያሳየው በሰርቨሩ ላይ ባሉ ፎንቶች ነው። ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ በሰርቨሩ ላይ ከሌለ በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ሲለያይ መስመሩ ይገፋል፣ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ የፊርማውን ቦታ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወስዳል። መፍትሔው የሚያስፈልጉትን ፎንቶች፣ ቢያንስ ነጻ የሆነውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ሰርቨሩ ላይ መጫንና የመሥሪያ ቤቱን የደብዳቤ ቅጽ በአንድ ፎንት መወሰን ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ደረጃ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ግን ፎንታቸው ከሌለ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆነው ይታያሉ፤ እነርሱን ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ካላንደሩ የሚሠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ቃለ ጉባኤው «ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ካለ መዝጋቢው ኖቬምበር 21፣ 9 ሰዓት ብሎ ማስገባት አለበት። የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት የዓመት ዕቅድን በዚህ ካላንደር መያዝ አድካሚ ነው፤ ለስብሰባ ቀጠሮና ለጨረታ መዝጊያ ቀን ማስታወሻ ግን ይበቃል።

ቶክ የሚባለው መነጋገሪያ ለሁለትና ለሦስት ሰው ጥሩ ነው። የቪዲዮ ስብሰባው ሰው ሲበዛ የሚያግዘው ተጨማሪ ክፍል ካልተጫነለት የእያንዳንዱ ተሳታፊ ምስል ለሌላው ሁሉ በቀጥታ ስለሚላክ በእኛ ፍጥነት አይቻልም። ለዕለት ወሬ ሠራተኛው ከቴሌግራም ይወጣል ብዬ አልጠብቅም፤ እንዲወጣ መገደድም የለበትም። ግሩፑ ላይ ፋይሉ ሳይሆን የፋይሉ ሊንክ ከተላከ የተፈለገው ሆኗል።

ወደ ዋጋ ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በወቅቱ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 6 ዶላር የነበረው ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ቤዚክ 40 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በወር ከ13,680 ብር ወደ 28,800 ብር አደገ ማለት ነው፤ ዶላሩን ማግኘትና በካርድ መክፈል የሚያስከትለው ውጣ ውረድ ሳይጨመር። በዚህ ክፍያ ኢሜይል፣ ቲምስና የሌላ ሰው ጥገና ስለሚገኝ ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌለው ድርጅት ዛሬም የምመክረው እሱኑ ነው። ኔክስትክላውድ የፈቃድ ክፍያ ባይኖረውም ሰርቨር፣ ዲስክ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) እና የሰው ደመወዝ ይጠይቃል፤ ወጪው ግን በብር ነው፣ ሠራተኛ በተጨመረ ቁጥርም አብሮ አያድግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ሰው ነው። ሁሉንም ክፍሎች ዶከር በተባለው ፕሮግራሞችን አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ አንድ ላይ የሚጭነው ኦል ኢን ዋን የተባለው እትም የቶክን ተጨማሪ ክፍል፣ ኮላቦራንና ባክአፕን (የመጠባበቂያ ቅጂ መያዣውን) ስለሚያካትት ጅማሬውን በእጅጉ አቅልሎታል። ሆኖም እያንዳንዱ ዋና እትም ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ማሻሻያውም ዋና እትም ሳይዘለል በተራ መሠራት አለበት፤ ሁለት ዓመት የተረሳ ሰርቨር ከደኅንነት ውጭ ከመሆኑም በላይ ወደ አዲሱ ለመድረስ ብዙ ደረጃ መውጣት ይጠበቅበታል። ከሃያ እስከ መቶ ሠራተኛ ያለውና ይህን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ባለሙያ የመደበ ድርጅት ቢገባበት አይቆጭም። የተመደበው ሰው በየወሩ ማሻሻያውን እንዲሠራ፣ የባክአፑን አንድ ፋይል በየጊዜው መልሶ ከፍቶ እንዲያረጋግጥ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍለት፤ የባክአፑ ዲስክም ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።