ዓይን በዕድሜ ሲለወጥ በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ምን ይበጃል? የመነጽር፣ የቀዳዳና የቀይ ነጥብ ንጽጽር

ዕድሜው 45 ዓመት ያለፈ ተኳሽ አንድ ቀን ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግፎ ሲያነጣጥር፣ ለዓመታት ጥርት ብሎ ይታየው የነበረው፣ በርሜሉ ጫፍ ላይ ያለው የፊት ማነጣጠሪያ ጠርዙ ተበትኖ ግራጫ ጥላ መስሎ ይታየዋል፤ ዒላማው ግን እንደ ወትሮው ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት የንባብ መነጽር ይገዛል፤ እሱ አልሠራ ሲለው ደግሞ የብረት ማነጣጠሪያን እርግፍ አድርጎ ትቶ ውድ ወደሆነው የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ይሄዳል። እኔ በቨርጂኒያ በዒላማ ተኩስ ውድድሮች የምሳተፍ፣ ወደ ስድሳ የተጠጋሁ ሰው ነኝ፤ ሁለቱንም አድርጌ ሁለት የውድድር ዘመን ያለ ውጤት አሳልፌያለሁ። ዛሬ የምመክረው የግዢ ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው፦ መጀመሪያ ለፊት ማነጣጠሪያው የተለካ ሌንስ፣ ቀጥሎ ዓይን አሻግሮ የሚያይበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ የጠመንጃው የኋላ ማነጣጠሪያ፣ በመጨረሻም ቀይ ነጥብ (በመስታወት ውስጥ የሚበራ ነጥብ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ) ወይም ቴሌስኮፕ።

የችግሩ መንስኤ በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ነው። በወጣትነት ተለጣጭ በመሆኑ ቅርጹን እየለወጠ ከሩቅ ወደ ቅርብ ያተኩራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየደረቀ ይሄዳል። ባለሙያዎች ይህን የማተኮር ዐቅም በዳዮፕተር ይለኩታል፤ ሩቅ አጥርቶ የሚያይ ዓይን አንድ ሜትር ላይ ያለን ነገር ለማጥራት 1 ዳዮፕተር፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያለውን ለማጥራት 2 ዳዮፕተር ይፈልጋል። የ20 ዓመት ወጣት ወደ 10 ዳዮፕተር የሚጠጋ ዐቅም ሲኖረው፣ በ50 ዓመት ገደማ ወደ 2፣ በ60 ዓመት ደግሞ ወደ 1 ይወርዳል። ከዚህም በላይ ብሌኑ ስለሚጠብና ሌንሱ ጥራቱን ስለሚያጣ፣ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመቱ ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህ የብርሃን ጉዳይ ስለ ቀዳዳ ስንነጋገር ተመልሶ ይመጣል።

ሦስት ርቀቶችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያይ ዓይን ኖሮ አያውቅም። ወጣቱ ከኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ፊተኛው፣ ከፊተኛው ወደ ዒላማው በፍጥነት ስለሚመላለስ ብቻ ሁሉንም ያየ ይመስለዋል። ምርጫ ሲመጣ መጥራት ያለበት የፊት ማነጣጠሪያው ነው። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርዝመት ግማሽ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሚሊሜትር መዛነፍ 100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ስህተት ይሆናል፤ የደበዘዘን ክብ ዒላማ መሃል መገመት ግን ለዓይን ያን ያህል አይከብድም።

ንጽጽሩን ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ በሆኑ ሁለት ጠመንጃዎች ብናየው ይገባናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤልጅግና ከጀርመን የገዛችው ማውዘር የኋላ ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ የተቀመጠ ክፍት ጎድጎድ ሲሆን፣ ከተኳሹ ዓይን ወደ 40 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ የፊተኛው 90 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። የመጀመሪያው 2.5፣ ሁለተኛው 1.1 ዳዮፕተር ይጠይቃል፤ የ55 ዓመት ሰው ዓይን የመጀመሪያውን በራሱ ዐቅም በፍጹም አያጠራውም። ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተዋጋበት ኤም 1 ጋራንድ ግን የኋላ ማነጣጠሪያው ከዓይን ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ የሚርቅ ክብ ቀዳዳ ነው። ተኳሹ በቀዳዳው ውስጥ አሻግሮ ይመለከታል እንጂ ቀዳዳውን አይመለከትም፤ ዓይን በራሱ ብርሃን የሚበዛበትን መሃሉን ስለሚይዝ ከሦስቱ ርቀቶች አንዱ ከሥራ ይወጣል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ ገበያ ላይ የቀረቡ አሮጌ ማውዘሮችና ኤም 1 ካርባይን የሚባሉ አጫጭር ጠመንጃዎች አሉ፤ ለማስታወሻነት አንዱን ለመግዛት ያሰበ፣ ግን ሊተኩስበትም የሚፈልግ በዕድሜ የገፋ ወገን ካለ፣ ካርባይኑ ባለቀዳዳ በመሆኑ ለዓይኑ እጅግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው +2.00 የንባብ መነጽር ዓይንን የሚያተኩረው 50 ሳንቲሜትር ላይ ነው። የጋራንድ የፊት ማነጣጠሪያ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እሱም ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ዒላማው ደግሞ በሁለት ዳዮፕተር ስለሚደበዝዝ በ200 ያርድ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ከነጩ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ባለብዙ ኃይል መነጽርም ለቢሮና ለመንገድ የተሠራ ነው፤ የቅርብ ማያው ከታች ስለሆነና ተኳሽ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳርፎ በሌንሱ የላይኛው ውስጠኛ ጥግ ስለሚያይ፣ የሚያገኘው የሩቁን ክፍል፣ ያውም ምስል የሚጣመምበትን ጠርዙን ነው። ለእኔ ይህን መነጽር የሸጡልኝ ለተኩስ እንደምፈልገው ነግሬያቸው ነበር፤ በዋጋው ሁለት ትክክለኛ ሌንስ ይገዛ ነበር።

ትክክለኛው ሌንስ ሙሉ ገጹ አንድ ኃይል ያለው ሆኖ፣ በሐኪም ከታዘዘው የሩቅ ቁጥር ላይ ከ+0.50 እስከ +0.75 የተጨመረበት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከዓይን እስከ ፊት ማነጣጠሪያው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ አንድን ለእሱ አካፍሉ፤ ውጤቱን በግማሽ ቀንሱ። ለጋራንድ 1 ለ0.8 ሲካፈል 1.25 ነው፤ ግማሹ 0.62 ስለሆነ ምርጫው በ+0.50 እና በ+0.75 መካከል ይወድቃል። ግማሹ የሚወሰደው ትኩረቱ በማነጣጠሪያውና በዒላማው መካከል እንዲያርፍና ሁለቱም በጥቂቱ ብቻ እንዲደበዝዙ ነው። ለአጭሩ ካርባይን +0.75፣ ክንድ ተዘርግቶ ለሚተኮስበት የውድድር ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ +0.50 ይስማማል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካቃታችሁ የሚበልጠውን ውሰዱ፤ የፊት ማነጣጠሪያው ጠርቶ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ ይሻላል። ወደ ሐኪም ጠመንጃ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ፣ ያን ያህል የሚረዝም ዘንግ ጫፉ ላይ ጥቁር የካርቶን ቁራጭ ለጥፋችሁ ብትወስዱ፣ ባለሙያው የሙከራ ሌንሶቹን በ0.25 እየለዋወጠ ያሳያችኋል። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ፍሬሙም ዜድ 87 የሚለውን የጥንካሬ ምልክት የያዘ እንዲሆን ጠይቁ፤ ባሩድና ቀለህ ዓይን አጠገብ የሚያልፍበት ስፖርት ነው።

ከዚህ ከፍ የሚለው እንደ ጀርመኑ ክኖብሎክና እንደ ስዊዘርላንዱ ቻምፒዮን ያሉ ድርጅቶች የሚሠሩት የተኳሽ ፍሬም ነው። አንዲት ክብ ሌንስ ብቻ ይይዛል፤ ሌንሷ በሁሉም አቅጣጫ ስለምትንቀሳቀስ ራስ በየትኛውም አቋም ቢያዘነብል በትክክል ዓይን ፊት ትቆማለች፤ የሌላውን ዓይን መከለያና ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ አይሪስም ይገጠምለታል። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ለሚወዳደር ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም፤ ምክንያቱም ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለሽጉጥ የሚፈቅደው ክፍት ማነጣጠሪያ ብቻ በመሆኑ፣ ዓይንን የሚያግዝ ነገር ሁሉ ተኳሹ ፊት ላይ መሆን አለበት። በኃይለኛ ጠመንጃ ለሚተኩስ ግን አልመርጠውም፤ ትንሿ ሌንስ ፊትን እንደ መከላከያ መነጽር አትሸፍንም።

የቀዳዳ ጥቅም ከሌንስ ጋር ሲደመር ነው ጎልቶ የሚታየው። የብዥታ መጠን ብርሃን ከሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ በ4 ሚሊሜትር ብሌን የሚታየው ብዥታ በ1.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲታይ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የጋራንድ መደበኛ ቀዳዳ 1.75 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለውድድር የተሠሩት 1.5 እና 1.3 ሚሊሜትር ናቸው። ከ1 ሚሊሜትር በታች መውረድ ግን ትርፍ የለውም፤ ብርሃኑ ተበትኖ ምስሉን መልሶ ያደበዝዘዋል፣ ቀድሞውንም ብርሃን ያነሰው የሽማግሌ ዓይን ደግሞ በደመናማ ቀን ምንም አያይም። በመነጽር ላይ የሚለጠፍ ወይም በጎማ የሚጣበቅ አይሪስ ለማውዘርና ለሽጉጥ ባለቤት ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጥቁር ፕላስተር ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅታችሁ መነጽራችሁ ላይ በመለጠፍ ሞክሩት። ብዥታው ወዲያው ከቀነሰ ዕቃው ይረዳችኋል። ጉዳቱ የማየት ዙሪያን ማጥበቡ ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ነገርና ለማታ አደን አይሆንም።

ክፍት ማነጣጠሪያ ያለውን ጠመንጃ ወደ ባለቀዳዳ መቀየር ሦስተኛው መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊማንና ዊሊያምስ ለብዙ ዓይነት የአደን ጠመንጃ የሚሆኑ የኋላ ማነጣጠሪያዎችን ይሠራሉ። ቀዳዳው ሰፊ፣ ዙሪያው ቀጭን ከሆነ ለአደን ይመቻል፤ ለዒላማ ጠባቡ ይመረጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ በብሎን ስለሚታሰሩ፣ ቀድሞ ያልተበሳ አሮጌ ማውዘር ላይ ለዚህ ሲባል ብረት መብሳት የታሪክ ዋጋውን ማጥፋት ነው፤ እኔ አላደርገውም፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። የፊት ማነጣጠሪያውን በሰፊው ወይም በሚያበራ የፋይበር ዘንግ መተካት ለአደን ይጠቅማል፤ ለዒላማ ግን ብርሃኑ በመጣበት ጎን ዓይንን ስለሚስብ ጥይቱን ያዘነብላል።

ቀይ ነጥብ የተለየ ነገር ነው። የስዊድኑ አይምፖይንት እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ካቀረበው የመጀመሪያው ሞዴል ጀምሮ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም፤ ነጥቡ ከዒላማው ጋር በአንድ ርቀት ላይ ያለ መስሎ ስለሚታይ፣ ዓይን ቅርብ ማተኮር አያስፈልገውም። ለደከመ ዓይን ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ይሁን እንጂ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ክብ አለመሆን) ያለበት ሰው ነጥቡ ክብ ሳይሆን እንደ ኮከብ ወይም እንደ ተበታተነ ፍም ይታየዋል፤ የሩቅ መነጽሩን አድርጎም ካልተስተካከለ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል። ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ለማወቅ ነጥቡን በስልክ ካሜራ እዩት፤ በካሜራው ክብ ከሆነ ችግሩ ያለው ዓይን ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ምልክቱ በመስታወቱ ላይ የተቀረጸበትና ዓይን የሚጠጋበት ሌንሱ እንደየሰው ዓይን የሚስተካከልበት የፕሪዝም ማነጣጠሪያ ይሻለዋል፤ ባትሪው ቢያልቅም ምልክቱ አይጠፋም። ክብደቱ ግን ይበልጣል፣ ዓይንም በተወሰነ ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት።

ቴሌስኮፕ ዓይንን ከሁሉም በላይ ያግዛል፤ የሚወስነው የውድድሩ ደንብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዒላማ ተኩስ ውድድሮችን የሚያዘጋጀው የሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሰርቪስ ራይፍል (የወታደር ዓይነት ጠመንጃ) ውድድር እስከ 4.5 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ፈቅዷል፤ በዚያ ክፍል የሚወዳደር የ60 ዓመት ሰው ከብረት ጋር መታገል አያስፈልገውም። የጋራንድ ውድድር ግን በብረት ማነጣጠሪያ እንደቀጠለ ነው፤ በካምፕ ፔሪ፣ ኦሃዮ፣ በዚህ ክፍል የሚሰለፉት ብዙዎቹ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው፤ ሌንሳቸውን በትክክል ስላስለኩም ጥሩ ይተኩሳሉ።

ማንኛውንም ሌንስ ከማዘዛችሁ በፊት የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደማችሁ ውስጥ ያለው ስኳር ሲረጋጋ ተለኩ፤ የስኳሩ መጠን ሲወጣና ሲወርድ የመነጽር ቁጥርም አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የተሠራው ሌንስ በወሩ ላይሆናችሁ ይችላል። በፊት ማነጣጠሪያው ዙሪያ የብርሃን ቀለበት የሚታያችሁ ከሆነ ደግሞ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን የትኛውም ቀዳዳ አያስተካክለውም። ለሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ተኳሽ ለሐኪሙ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያነጣጥር አስቀድሞ ይንገር። በዚያ ዓይን ለሩቅ የተለካ ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ ቢተከልለት፣ በላዩ የ+0.50 መነጽር አድርጎ እንደ ቀድሞው ይተኩሳል፤ ባለ ብዙ ትኩረት የሚባለው ሌንስ ያለ መነጽር ለማንበብ ቢረዳም የጥቁርና የነጭ ልዩነትን ስለሚያደበዝዝ ለብረት ማነጣጠሪያ አይስማማም፤ አንዴ ከተተከለ በኋላም እንደ መነጽር በቀላሉ አይቀየርም።