ቀዩ መርፌና ቢጫው መርፌ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሐበሻ ልብስ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ስለ መርፌ አስተያየት ለመስጠት ከብዙ ሰው ይልቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል። የዛሬው አስተያየቴ ሐኪም ቤት ስለሚወጋው የቫይታሚን ቢ 12 መርፌ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ጣቶቼ ከዱኝ። ክሩን መያዝ አለመያዜን በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ነጭ ነጠላ ላይ ጥለት ስሰፋ የደም ጠብታ አየሁና ከየት እንደመጣ ፈለግሁ፤ ለካስ ጣቴን ወግቼዋለሁ፣ አልተሰማኝም። የነጠላውን ዋጋ ለባለቤቷ ከኪሴ ከፈልኩ።

እግሬማ ቀድሞ ነው የጀመረው፤ ማታ ማታ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። ስኳር ስላለብኝ ዘጠኝ ዓመት ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ወስጃለሁና ሁሉን በስኳር አሳብቤ ዝም አልኩ። ምላሴ እንደተላጠ ሆኖ በርበሬ አላስቀምስ ሲለኝ ባለቤቴ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

የመጀመሪያውን ክሊኒክ ስም አልጠራም። ደም ሳይወሰድ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «የጉልበት መርፌ ያስፈልግዎታል» ተባልኩ። ቢ ኮምፕሌክስ የሚባል የቢ ቫይታሚኖች ቅልቅል፣ በየቀኑ ለዐሥር ቀን። ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ሲገባ ያቃጥላል። መቀመጫዬ ላይ የቋጠረው እብጠት ሳምንት ሙሉ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ እንድሰፋ አደረገኝ። ሽንቴም እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ በውስጡ ያለው ቢ 2 ነው አሉኝ። በዐሥረኛው ቀን ጣቶቼ ያው ናቸው። ጨርቅ ስገዛ ጫፉ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ የማልገዛ ሰው፣ ባዶውን ካርቶን ለምኜ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፦ ቢ 1፣ ቢ 2፣ ቢ 6፣ ሌሎችም አሉ፤ ነርቭ የሚፈልገው ቢ 12 ግን የለም። ኮምፕሌክስ ሲባል ሁሉም ያለበት ይመስለኝ ነበር። በአንዳንዱ አለ፣ በአንዳንዱ የለም። ካርቶኑን ሳያነቡ አይወጉ።

ሁለተኛው ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለ አነስተኛ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ ካልሲዬን አስወለቀችኝ፤ ዓይኔን አስጨፍና እግሬን በጥጥ ጫፍ ነካካችና ስንት ጊዜ እንደነካችኝ ጠየቀች። ግማሹን ስቻለሁ። የሚነዝር ብረት አውራ ጣቴ ላይ ስታቆምም ብረቱ መቆሙን እንጂ መንዘሩን አላወቅሁም። ደም የተወሰደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውጤቱ በማግስቱ መጣ፤ ቢ 12 በሚሊ ሊትር 148 ፒኮግራም። ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ መስመር ተብሎ የተጻፈው 200 ነው።

ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ሽሮና ጎመን አይሰጡትም። እኔ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል የምጾም ሰው ነኝ። ጾሜን ልትነካብኝ ነው ብዬ መልስ ሳዘጋጅ፣ ሐኪሟ ይበልጥ የጠረጠረችው ሜትፎርሚኑን ሆኖ ተገኘ። ጉበት ቢ 12ን ለዓመታት የሚያስቀምጥ ጎተራ ነው፤ ክኒኑ ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጀት ከምግብ የሚቀበለውን ይቀንሳል። «በጾሙ የሚገባው ያንሳል ጋሼ፤ የገባውንም ክኒኑ በደንብ አያስይዝም» አለችኝ። ክኒኑን በራሴ ፈቃድ እንዳላቆም አስጠነቀቀችኝ። መደንዘዙም ከፊሉ የስኳሩ ሊሆን እንደሚችል፣ የቢ 12 መርፌ ያን ክፍል እንደማያነሳው አልደበቀችኝም። ያመንኳት ይህን ስትነግረኝ ነው።

አሁን ወደ መርፌው። ሳያኖኮባላሚን ይባላል፤ ቢ 12 ራሱ ነው፤ 1000 ማይክሮግራም በአንድ ሚሊ ሊትር። ቀለሙ እንደ ካርካዴ ቀይ ነው። መጀመሪያ ደም የተቀላቀለበት መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ሲስተር ስቃ በውስጡ ኮባልት የሚባል ማዕድን እንዳለና ቅላቱም የእርሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ክንድ ላይ ይወጋል፤ ከቢጫው ጋር ሲወዳደር ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እያለፈ፣ ከዚያ አራት ሳምንት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ። የቢ 12 ክኒን አይሻልም ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠይቄአለሁ። በየቀኑ የሚወሰድ ከፍተኛ መጠን ያለው ክኒን ለብዙ ሰው እንደሚሠራ፣ ነርቭ ሲነካ ግን በመርፌ መጀመርን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። የንስሐ አባቴንም ጠየቅሁ፤ «መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ ተወጋ» ብለው አሳጠሩት።

የማልወደው ካርድ ክፍሉን ነው። ለአንድ ደቂቃ መርፌ አርባ ደቂቃ ወረፋ! መርፌውን በየጊዜው ከፋርማሲ ገዝቶ ይዞ መምጣትም የታካሚው ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ የሰዎች ብልቃጥ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርድሮ አየሁ፤ ካርቶኑ ከብርሃን ይጠበቅ ይላል። ለሲስተር ሳሳያት አፍራ ወዲያው አነሣችው። የደም ምርመራው ከመርፌዎቹ ሁሉ ድምር የበለጠ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ የማልቆጭበት ወጪ ግን እርሱ ነው። ዐሥሩን ቢጫ መርፌ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውጤቱን ላስረዳ። ምላሴ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ ድካሙም አብሮት ሄደ። ጣቶቼ ግን ቸኩለው አልመጡም። በሁለተኛው ወር እንዲያውም ጣቶቼን መውጋቱ ብሶብኝ መርፌውን ልተወው ነበር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ክሩን መነጽር ሳላወጣ፣ በጣቴ ብቻ ይዤ ቋጠርኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተመልሷል፤ ከዚያ በታች ግማሽ በግማሽ ነው፣ የግራዋ ትንሿ ጣት ጭራሽ የለችም።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን የወሰደው ካርድ ክፍሉ ነው። የሚሄድ ሰው ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ይድረስ። እጇ ቀላል የሆነችው ሲስተር ከምሳ በኋላ የለችም፤ ከሰዓት የሚተካት ወጣት መርፌ የሚወጋው ጆንያ እንደሚሰፋ ሰው ነው።