ልጅ ይዞ መሃል አዲስ አበባ የት ይኬዳል?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሃል አዲስ አበባ ቆንጆ ፓርክ ሞልቷል፣ ጥሩ የልጆች መጫወቻ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ቦታዎች ለዓይን ይማርካሉ። አበባው፣ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ ሁሉም ለፎቶ ያምራል። ልጅ ግን ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ትዕግሥት የለውም፣ መሮጥ ነው የሚፈልገው። ሊሮጥ ሳሩ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ደግሞ የጥበቃው ፊሽካ ይጮሃል። አንዳንድ ቦታ ሄጄ ልጆቼን ስጠብቅ ሳይሆን ሳሩን ከልጆቼ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ከፍለን ገብተን ማለት ነው።

የእኔዎቹ አንዷ አራት ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ስምንት። ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ግቢ የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ካልወጣን ቤቱ ይፈርሳል። ቦታ የምመዝነው በዚህ ዓይን ነው፣ ልጅ የሌላቸው ሰዎች «ዋው» የሚሉት ቦታ ለእኔ ምንም ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ የማየው ዥዋዥዌውን አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ነው። ልጅ መጫወቻ ቦታ ላይ በብዛት የሚጎዳው ወድቆ ነው። ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ላይ የተተከለ ሸርተቴ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርብኝ። የጎማ ንጣፍ ወይም ወፈር ያለ አሸዋ ካለው ደስ ይለኛል። ሳር ጥሩ ይመስላል እንጂ ብዙ እግር ሲረግጠው ይሞትና ደረቅ መሬት ብቻ ይቀራል። ከዚያ ጥላ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፣ ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ ባርኔጣ ያላደረገ ልጅ ማታ ፊቱ ቀልቶ ነው የሚገባው። የብረት ሸርተቴ ካለ እኩለ ቀን ላይ ልጁን ከማስቀመጣችሁ በፊት በእጃችሁ ንኩት። ሽንት ቤትን በተመለከተ ደግሞ «አለ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ «ውሃ አለው ወይ?» በሉ።

ወደ ቦታዎቹ ልምጣ።

ሸራተን አካባቢ ያለው ወዳጅነት ፓርክ በ2013 አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው የተመረቀው። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ሠራሽ ሐይቁና ፏፏቴው ያለበት ነው፣ ለሽርሽር፣ ለፍቅረኛሞች፣ ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ ምርጥ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ውሃ አጠገብ መዋል ማለት ለእናትየዋ እረፍት የለም ማለት ነው። በኋላ የተሠራው ሁለተኛው ክፍል ይሻላል፣ ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ መጫወቻ አለው። ልጅ ካላችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮችና ሚዜዎችም ስለሚመጡ ጠዋት ብትሄዱ ነው የምመክረው፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ዥዋዥዌ ላይ ወረፋ የለም ማለት ይቻላል።

አንድነት ፓርክን ብዙ ሰው «ልጆቼን የት ልውሰድ?» ሲባል ይጠቁማል። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው፣ በ2012 የተከፈተው። ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ እኛ ልጅ ሳለን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ መሄድ እንደነበረው ማለት ነው። የምኒልክን ዘመን ግብር አዳራሽ ለስምንት ዓመቱ ልጄ ሳሳየው ጥያቄው አላልቅ አለኝ። ግን መጫወቻ ብላችሁ አትሂዱ። የሚታይ ነገር ነው የበዛው። መንገዱም ረጅም ነው፣ ትንሿ ግማሹ ላይ «እዘዪኝ» አለች፣ የቀረውን በጀርባዬ ነው የጨረሰችው።

መስቀል አደባባይ ነፃ ነው። በ2013 ከታደሰ ወዲህ ሰፊና ልሙጥ ስለሆነ ስኬት ጫማና ሳይክል ላለው ልጅ ከዚህ የተሻለ መሃል ከተማ ላይ አላውቅም። ልጄ ደረጃው ላይ ካገኛቸው የማያውቃቸው ልጆች ጋር ተቀላቅሎ ሲራወጥ፣ ከፍዬ ካስገባሁት ቦታ ሁሉ በላይ ነበር የተደሰተው። ለካ ከማሽኑ ይልቅ ሌላ ልጅ ነበር የቸገረው! ጥላ ግን የሚባል የለም። ወይ በጠዋት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ።

ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተሠሩትም መጫወቻዎች አሉ። አዲስ ናቸው፣ አይከፈልባቸውም፣ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ችግር መኪናው ነው። አጥር በሌለው ቦታ ኳስ ወደ አስፋልት ስትንከባለል ልጅ ግራ ቀኝ አያይም። ትልቁን ይዤ ብቻ ስሆን እቆማለሁ፣ ከሁለቱም ጋር ስሆን አልፋለሁ።

አሁን ስለ ክረምት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ በሚዘንብበት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ማለትም ልጆቹ ነፃ በሚሆኑበት ሰዓት ከላይ ያልኳችሁ ቦታ ሁሉ ጭቃ ወይም እርጥብ ነው። ያኔ የሚቀረው የገበያ ማዕከላት ውስጥ ያለው መጫወቻ ነው። ስሙን የማልጠራው አንዱ ጋ ካርድ ግዙ ተባልን፣ ካርዱ ላይ ብር ይሞላል፣ የእያንዳንዱ ጨዋታ ዋጋ ደግሞ ከሞላነው ብር ጋር በማይገጥም ቁራጭ ብር ነው የተተመነው። ሁልጊዜ የማትጠቀሙበት ትርፍ ይቀራል፣ «ቀጣይ ስትመጡ ትጠቀሙበታላችሁ» ይላሉ። ቀጣይ ስንሄድ ካርዱ ጊዜው አልፎበታል ተባልን። ሙዚቃው ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። በዚያ ላይ የሁለት ዓመትና የአሥር ዓመት ልጆችን አንድ ጃምፒንግ ላይ ሲያስገቡ የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም፣ ትልልቆቹ ሲዘሉ ትንሿ ተፈናጥራ ነው የወጣችው። በሰዓት የሚያስከፍል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ ትንንሾችን ለብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ውድም ቢሆን ክፈሉ።

ከመሃል ከተማ ትንሽ ወጣ ማለት ለማይከብዳችሁ እንጦጦ ፓርክ አለ። ዛፉ ራሱ ጥላ ነው፣ ልጅ እንደ ልቡ ይሮጣል፣ ፊሽካም ብዙ አልሰማሁም። ቦታው ከከተማው በጣም ስለሚበርድ ፀሐይ ቢሆንም ጃኬት ያዙ። ዚፕላይንና የመሳሰሉት ላይ ለትንንሽ ልጆች አይፈቀድም፣ ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ ከሆነ ለቅሶው አይቻልም።